ምትኩ አድሚራል

ያሱሂኮ አድሚራል የሆነው በቁመቱ ነው፤ ሌላ ምንም ምክንያት አልነበረውም። በኡራሳኪ ማዘጋጃ ቤት ራሱን ዝቅ ሳያደርግ በመዝገብ ቤቱ በር ማለፍ የማይችል ሠራተኛ እሱ ብቻ ነበር። የእንግዳ አቀባበል ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ኦኖዴራ አንድ ጠዋት ከእግር እስከ ራሱ አዩትና፣ "ፈረንጅ የምታህለው አንተ ብቻ ነህ" አሉት። ከዚያን ቀን ወዲህ ያሱሂኮ በልምምድ ሰዓት የምዕራቡ የጦር ኪዳን አድሚራል ይሆናል፤ ልምምዱ ሲያልቅ ደግሞ ተመልሶ ጸሐፊ ይሆናል።

ኪዳኑ ስሙን የወሰደው ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ነው። ከኡራሳኪ ተነሥቶ አትላንቲክ ለመድረስ የዓለምን ግማሽ መዞር ይጠይቃል። ይሁን እንጂ በቅርብ ዓመታት ኪዳኑና የምሥራቅ እስያ ዲሞክራሲዎች አንዱ ያለ ሌላው እንቅልፍ አልወስዳቸው ብሏል። ቶኪዮ ሲያስነጥስ ብራስልስ "ይማርህ" ይላል። ብራስልስ ሲያስል ሴኡል ሻይ ታፈላለች። በየስብሰባው መጨረሻ የአንዱ ጸጥታ ከሌላው ጸጥታ ተነጥሎ አይታይም የሚል መግለጫ ይወጣል፤ መግለጫውን ያወጡትም ደስ ብሏቸው ራት ይበላሉ። ይህ ሁሉ ፍቅር አንድ ቦታ ላይ በዓይን መታየት ነበረበት። ኡራሳኪ የተመረጠችውም ስለዚህ ነው።

እውነቱን ለመናገር ኡራሳኪን ማንም አልመረጣትም፤ ራሷ ለምና ነው። የጎረቤት ከተማ ባለፈው ዓመት የውጭ አገር ማሠልጠኛ መርከብ ተቀብሎ የከንቲባው ፎቶግራፍ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ነበር። የኡራሳኪው ከንቲባ ሚናካሚ ያንን ጋዜጣ ካዩ በኋላ ስለ ዓለም ጸጥታ በጥልቀት ማሰብ ጀመሩ። ለሚኒስቴሩ አመለከቱ፣ ደጅ ጠኑ፣ ከዓመት በኋላም ከወደ ሰሜን ባሕር የምትመጣ ፍሪጌት የተባለች አንዲት የኪዳኑ የጦር መርከብ በኅዳር ወር ኡራሳኪን እንድትጎበኝ ተወሰነ።

ከዚያ ልምምድ ሆነ። ከንቲባው በሥራ ዘመናቸው ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ስሙን አስታውሰው በማያውቁት በያሱሂኮ ፊት እየቆሙ ከወገባቸው ጎንበስ ይላሉ።

"ክቡር ከንቲባ፣ እያጎነበሱ እጅ አይዘርጉ" ይላሉ ወይዘሮ ኦኖዴራ። "እሱ ሊጨብጥዎት ወደፊት ሲመጣ እርስዎ ጎንበስ ካሉ ግንባርዎ ሆዱን ይመታዋል። መጀመሪያ ማጎንበስ፣ ቀና ማለት፣ ከዚያ መጨበጥ። እንደገና!"

"አድሚራሉስ ቢያጎነብስ?"

"አያጎነብስም። ፈረንጅ ነው።"

"ባህላችንን አጥንቶ ቢመጣሳ?"

ይህን ማንም አላሰበበትም ነበር። ያሱሂኮ የሚያጎነብስ አድሚራል፣ የማያጎነብስ አድሚራል፣ ከዚያም ማጎንበስ ጀምሮ መሐል ላይ ሐሳቡን የሚቀይር አድሚራል እየሆነ ሦስቱንም ሠራላቸው። ሦስተኛው ላይ ከከንቲባው ጋር ተጋጩ። ከንቲባው ግንባራቸውን እያሻሹ፣ "ይቅርታ፣ ክቡር አድሚራል" አሉት። ያሱሂኮ ያን ቀን በእግሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ እንደ ወትሮው ጥግ ጥጉን ሳይሆን መሐል መንገዱን ይዞ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከንቲባው ንግግራቸውን ሲለማመዱ ነው። "እነሆ፣ ከኋላዬ የምታዩዋት መርከብ" ብለው ክንዳቸውን ወደ ባሕሩ ዘረጉ። ሁሉም ወደ ተዘረጋው ክንድ አቅጣጫ አየ። ወደቡ ለፍሪጌት ስለማይጠልቅ መርከቧ የምትቆመው ከባሕረ ሰላጤው መሐል ነው ተብሏል። በዚያ ቦታ ግን በውሃው ላይ ችካል በችካል ሆኖ፣ በችካሎቹም መካከል ጥቁር መረብ ተዘርግቶ ይታያል።

"ምንድን ነው ያ?" አሉ ከንቲባው።

"የኖሪ እርሻ ነው" አሉ ወይዘሮ ኦኖዴራ፤ ኖሪ ደርቆ የሚበላው የባሕር ሣር ነው።

"የማን?"

ሁሉም ቀስ ብሎ ዓይኑን ከባሕሩ ወደ ያሱሂኮ አዞረ።

ያሱሂኮ በሚስቱ ቤት የገባ አማች ነው። ሺዮሚዎች ወንድ ልጅ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ አንድ ልጃቸውን ቺዙሩን ሲያገባ የአባቱን ስም ትቶ የነሱን ስም ይዞ፣ ቤታቸው ገባ። ቢሮም ሺዮሚ እያሉ ነው የሚጠሩት። የመረቡ ባለቤት ሺዮሚ ቶመኪቺ፣ አማቱ ናቸው።

ያን ቀን ለያሱሂኮ ትእዛዝ የሰጠው ሰው የለም። በኡራሳኪ ማዘጋጃ ቤት ማንም ማንንም አያዝም። ከንቲባው ፊታቸውን ወደ ባሕሩ እንዳዞሩ፣ "ያ መረብ ባይኖር እንዴት ያምር ነበር" አሉ፤ የነገሩት ለባሕሩ ነው። ባሕሩ ዝም አለ። ወይዘሮ ኦኖዴራ ግን ከልምምድ በኋላ ያሱሂኮን ወደ ጥግ ወሰዱት።

"ሺዮሚ፣ ሁሉም ተስማምቷል" አሉት። "የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ተስማምቷል። የወደቡ ቢሮ ተስማምቷል። ቤተ መቅደሱም ተስማምቷል፤ ለምን እንደተጠየቀ ባላውቅም። የቀሩት አባትህ ብቻ ናቸው።"

"እሳቸው ትንሽ..."

"ግድ የለም፣ ማንም አያስገድዳቸውም። መቼም አንተ ልጃቸው ነህ።" ከዚያ ወይዘሮ ኦኖዴራ ነገር እንደ ቀየረ ሰው ወደ ሰማዩ አዩ። "የናገጂማ ደሴት ቅርንጫፍ ሚያዝያ ላይ ሰው ይፈልጋል አሉ። ከሰው የዱር አሳማ ይበዛባታል እንጂ አየሯስ ግሩም ነው።"

ያሱሂኮ የናገጂማን አየር ጥሩነት የሰማ ሰው ሁሉ የት እንደ ደረሰ ያውቃል። አመሰገነና ሄደ።

ማታ ራት ላይ ጥቂት ከጠበቀ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። ሽማግሌው ቶመኪቺ የተጠበሰ ማኬሬል ዓሣቸውን ከአጥንቱ እየለዩ ነበር። ቺዙሩ ሾርባ እየቀዳች በጎን አየችው፤ ባሏ ጉሮሮውን ከጠረገ ሊናገር የፈለገው የራሱን ሐሳብ እንዳልሆነ ታውቃለች።

"አባባ፣ ያ መካከለኛው መረብ..."

"ምን ሆነ?"

"ለጥቂት ቀን ከዚያ ቢነሣ ብዬ ነው። መርከቧ እስክትሄድ።"

"ቡቃያውን አይተኸዋል?"

"አይ... ከሩቅ።"

"የጣት ጥፍር አያህልም። አሁን ገና ነው መረቡን የያዘው። ዛሬ ነቅዬ ሌላ ቦታ ብተክለው ግማሹ ይረግፋል፣ ግማሹ ይታመማል። ከዚያ ዘንድሮ ምን እንበላለን? መግለጫ?"

"አባባ፣ መርከቧ እኮ ባሕራችንን ልትጠብቅልን ነው የምትመጣው።"

"ከማን?"

ያሱሂኮ በልምምዱ ላይ የሰማውን አስታወሰ። "ከስጋት።"

"ስጋቱ መልሕቅ አለው?"

"የለውም።"

"እንግዲያው እኔ የምፈራው መልሕቅ ያለውን ነው" አሉ ሽማግሌው፤ ከዓሣው ትልቁን ቁራጭም አነሡ። "ድሮ ዝሆኖች ሲጣሉ ነበር ሳሩ የሚጎዳው። አሁን ደግሞ ሲፋቀሩም ሳሩን ሊተኙበት መጡ።"

"ሌሎቹ ሁሉ ተስማምተዋል፣ አባባ።"

"የሌሎቹ መረብ ከኮረብታው ጥግ ነዋ! በሰው መረብ እኔም ደግ ነኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ ለከንቲባህ እንዲህ ብሎሃል በለው።"

ያሱሂኮ ለከንቲባው እንዲህ እንደማይል በቤቱ ያለ ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌው ተነሥተው ወደ መኝታቸው ከገቡ በኋላ ቺዙሩ ሳህን እያነሣች፣ "አንተስ?" አለችው።

"እኔ ምን?"

"አንተ ምን ትላለህ? ይነሣ ነው ወይስ አይነሣ?"

"ሁለቱም ወገን የሚለው እውነት አለው።"

ቺዙሩ ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ሳቀች። "አንተን ማዘጋጃ ቤት ማስቀመጣቸው ጥፋት ነው። ኪዳኑ ውስጥ ነበር ሊቀጥሩህ የሚገባው።"

በማግስቱ ያሱሂኮ ለወይዘሮ ኦኖዴራ፣ "አባባ ነገሩን በደንብ ተረድተውታል" አላቸው። ይህ ውሸት አልነበረም፤ ሽማግሌው ነገሩን ከማንም በላይ ተረድተውታል። ማታ ደግሞ ለአማቱ፣ "ቢሮው የአባባን ችግር ያውቀዋል" አላቸው። ይህም ውሸት አልነበረም። ያሱሂኮ አንድም ሰው ሳይዋሽ ሁለቱንም ወገን አስደስቶ በሰላም ተኛ። ታላላቅ መንግሥታትም የሚተኙት እንዲሁ ነው።

ወይዘሮ ኦኖዴራ ነገሩ አለቀ ብለው ደስ ስላላቸው ለሽማግሌው ክብር ጨመሩላቸው፦ በበዓሉ ቀን ለአድሚራሉ የኡራሳኪን ኖሪ በእንጨት ሣጥን የሚያበረክቱት ሺዮሚ ቶመኪቺ እንዲሆኑ በመርሐ ግብሩ አስገቧቸው። ሽማግሌው ልምምድ ቢጠሩ አልመጡም። "ዕቃ ማቀበል ልምምድ አያሻውም" ብለው መለሱ።

የበዓሉ ቀን ሰማዩ ዳምኖ፣ ከባሕሩ ነፋስ እየነፈሰ ነጋ። ወደቡ ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ጓድ የብርድ ጓንቱን እያወለቀ መለከቱን ይሞክራል፤ በመዶሻ ተከፍቶ ለእንግዶች የሚቀዳው የሳኬ በርሜል በገለባ ገመዱ እንደ ሙሽራ ታስሮ ተቀምጧል። የጎደለው መርከቧ ብቻ ነበረች።

ከመርከቧ ቀድማ በባቡር የመጣችው የኪዳኑ መኮንን፣ መቶ አለቃ ሊስቤት፣ ወደ ድንኳኑ ገባች። ጃፓንኛ ተምራ ነው የመጣችው፤ ከአገሬው ሰው ይልቅ አክብራ ትናገራለች። "እጅግ በጣም ይቅርታ እጠይቃለሁ" አለች። "ትናንት ማዕበል መንገድ ላይ ይዟቸዋል። መርከቧ የምትደርሰው ከነገ ወዲያ ነው። በዓሉን ለሁለት ቀን ብታዘገዩልን..."

ከንቲባውና ወይዘሮ ኦኖዴራ ተያዩ። ማዘግየት! ይህን ቀን ለመቁረጥ ስምምነት ያልተጠየቀ ከቤተ መቅደሱ ድመት በቀር የለም። እንደገና ይዘግይ ቢባል ያንን ሁሉ ሰው እንደገና ማስማማት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ስጋቱም ፍቅሩም ያልቃል።

"እንግዶቹ መጥተዋል" አሉ ወይዘሮ ኦኖዴራ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። "የሚኒስትሩ ተወካይ መጥተዋል። አገረ ገዥው ባይመቻቸው ምክትላቸውን ወክለው ነበር፤ ምክትላቸውን ጉንፋን ስለያዛቸው የክፍል ኃላፊያቸው መጥተዋል። የምክር ቤት አባሉ መልእክት ልከዋል፤ የሚያነቡላቸው ጸሐፊያቸው ናቸው።" አሰብ አደረጉ። "ሁሉም ምትክ ነው። አድሚራሉ ብቻ ራሳቸው ካልመጡ ብለን ለምን እንጨነቃለን?"

ከዚያ ቀና ብለው ያሱሂኮን አዩት። ቀና ብለው ነበር ሊያዩት የሚችሉት።

መቶ አለቃዋ ነገሩ ቶሎ አልገባትም። "ይቅርታ፤ እኚህ ሰው አድሚራል ይሆናሉ?"

"አይሆንም። አድሚራሉን ይወክላል። ንግግራቸውን ያነብባል፣ ስጦታ ይቀበላል። እኛ ዘንድ የተለመደ ነው።"

"የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ... የጦር ኪዳኑን?"

"ልምምድ አድርጓል" አሉ ከንቲባው፤ ግንባራቸውን ነካ አደረጉ።

መቶ አለቃዋ ስልኳን ይዛ ከድንኳኑ ወጣች። ስትመለስ ፊቷን አጥብቃ ይዛዋለች። "አድሚራሉ ክብር ይሰማቸዋል። ይወክሉኝ ብለዋል። በመጀመሪያ ግን ለረጅም ጊዜ ሳቁ።"

በያሱሂኮ ደረት ላይ ከሁሉም የሚበልጠውን ቀይ የክብር ጥብጣብ አበባ ሰኩለት። ወይዘሮ ኦኖዴራ ጥብጣቡን ሲያስተካክሉ ዓይናቸው በትከሻው አልፎ ወደ ባሕሩ ሄደ፤ እጃቸውም ባለበት ቆመ። ችካሉ እንዳለ ነው። መረቡም እንዳለ ነው።

"ሺዮሚ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ተረድተዋል አላልከኝም?"

"ተረድተዋል።"

"ታዲያ ያ ምንድን ነው?"

ያሱሂኮ ዞሮ እንደ አዲስ ነገር አየው። "መረብ ነው።"

"ስማኝ። መርከቧ ከነገ ወዲያ እዚያ ትቆማለች። ነገ ጎሕ ሲቀድ የማኅበሩ ጀልባዎች ያንን መረብ ይነቅሉታል፤ እሳቸው ቢወዱም ባይወዱም። ሊቀ መንበሩን አሁኑኑ አነጋግረዋለሁ። አንተ ደግሞ ዛሬ ቤትህ ስትገባ ለአባትህ ትነግራቸዋለህ።" የጥብጣቡን መርፌ ጨረሱት፤ ትንሽ ወጋው። "ካልሆነ ናገጂማ ድረስ ራሴ እሸኝሃለሁ።"

ሙዚቃው ተጀመረ። ከንቲባው ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ፣ ጨበጡት፤ እንከን አልነበረውም። ያሱሂኮ ወደ መድረኩ ወጥቶ የአድሚራሉን ንግግር አነበበ። "ከቤቴ እጅግ ርቄ ብመጣም" ሲል የቤቱ ጣራ ከዓሣ መጋዘኑ ጀርባ ይታየው ነበር፤ ቺዙሩ አስጥታው የወጣችው ፍራሽም በሰገነቱ ላይ ይታያል። "በእናንተ መካከል ሳለሁ ቤቴ እንዳለሁ ይሰማኛል።" የሚኒስትሩ ተወካይ በጥልቅ ስሜት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከንቲባው ደግሞ "እነሆ፣ ከኋላዬ የምታዩዋት መርከብ" ብለው ክንዳቸውን ወደ ባዶው ባሕር ዘረጉ፤ ንግግሩ ጸድቆ የታተመ ስለሆነ ሊቀየር አይችልም። ሕዝቡም ወደዚያው አየና አጨበጨበ።

ቀጥሎ ስጦታው ነበር። ሽማግሌው ቶመኪቺ ለቀብርም ለሠርግም የሚለብሱትን ጥቁር ኮት ለብሰው፣ የእንጨቱን ሣጥን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። በአማቻቸው ፊት ቆመው ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ አበባ አዩ፤ ቀና ብለውም ፊቱን አዩ። አንድም የፊታቸው ጡንቻ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ለማንም አጎንብሰው በማያውቁት ዓይነት ዝቅ ብለው አጎነበሱለት።

ያሱሂኮ ሣጥኑን ተቀበለ። ሽማግሌው ወደ ኋላቸው መመለስ ነበረባቸው፤ አልተመለሱም።

"ክቡር አድሚራል" አሉ። "ካላስቸገርኩዎት አንድ ጥያቄ አለኝ።"

"ጥያቄ መርሐ ግብሩ ላይ የለም!" የሚል የወይዘሮ ኦኖዴራ ሹክሹክታ እስከ ሙዚቃ ጓዱ ድረስ ተሰማ።

"አጭር ነው። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ እኔ ኖሪ አብቃይ ነኝ። ያ ከኋላዎ ያለው መረብ የኔ ነው። መርከብዎ መልሕቋን የምትጥለው የት ነው?"

የኖሪ አብቃዮቹ ሚስቶች በአንድ ወገን፣ የክብር እንግዶቹ ምትኮች በሌላ ወገን ሆነው ያሱሂኮን ያዩታል። ጋዜጠኛው እስክሪብቶውን አነሣ። ያሱሂኮ ወይዘሮ ኦኖዴራን አየ፤ ራሳቸውን በኃይል ግራና ቀኝ ይነቀንቃሉ። ከንቲባውን አየ፤ ከንቲባው ሰማዩን ያያሉ። ለእንዲህ ያለ ጊዜ ዕድሜውን ሙሉ የተጠቀመበት መልስ ነበረው፦ እናስብበታለን። አፉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ቀርቦ ነበር። ነገ ጎሕ ሲቀድ ግን ጀልባዎቹ ይሄዳሉ፤ ይህን ሽማግሌው አያውቁም፣ እሱ ያውቃል። አሁን "እናስብበታለን" ቢል ሽማግሌው አምነውት ቤታቸው ይገባሉ፤ ጠዋት ሲነሡ ባሕሩ ላይ ችካል ብቻ ያገኛሉ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ስማቸውን ይዞ እንዴት ይኖራል?

ደግሞም፣ እናስብበታለን የሚለው ሺዮሚ ያሱሂኮ ነው። አሁን የተጠየቀው እሱ አይደለም፤ አድሚራሉ ነው። አድሚራል የክፍል ኃላፊ የለበትም። አድሚራልን ናገጂማ የሚልከው የለም። ካፈርኩ አይመልሰኝ አለ በልቡ።

"ከድንጋያማው ጫፍ ውጭ" አለ። ድምፁ ከጠበቀው በላይ ወፍራም ሆኖ ወጣ። "መርከቤ ከባሕረ ሰላጤው ውጭ ትቆማለች። ባሕር ልጠብቅ ብሎ የመጣ ሰው በሰው እርሻ ላይ መልሕቅ አይጥልም።"

"ቃልዎ ነው?"

"የኪዳኑ ቃል ነው።"

መጀመሪያ የኖሪ አብቃዮቹ ሚስቶች አጨበጨቡ። ቀጥሎ ምትኮቹ አጨበጨቡ፤ እነሱ ሌላው ካጨበጨበ የማጨብጨብ ሥልጣን ተሰጥቷቸው ነው የመጡት። የሚኒስትሩ ተወካይ ከተቀመጡበት ተነሡ። ከንቲባው መጨረሻ ላይ ከሰማዩ ወርደው አጨበጨቡ። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ጎንበስ ብለው ከመድረኩ ወረዱ።

ድንኳኑ ውስጥ ወይዘሮ ኦኖዴራ አመድ መስለው ጠበቁት። "ምን አደረግህ? የጦር ኪዳን ወክለህ ቃል ገባህ እኮ! በጋዜጠኛ ፊት! በሚኒስቴሩ ፊት!"

"ወክል ያሉኝ እርስዎ ነዎት" አለ ያሱሂኮ። ደረቱ ላይ አበባው ገና ስለነበረ ሳይሆን አይቀርም እንዲህ የመለሰው።

"አንብብ ነው ያልኩህ! ማን ተናገር አለህ?"

መቶ አለቃ ሊስቤት የሰማችውን ሁሉ ለመርከቧ ልታስተላልፍ እየደወለች ነበር። የምሳ ሣጥኑ ታድሏል፤ ከምትኮቹ በቀር የሚበላ የለም። ከንቲባው ቾፕስቲካቸውን ይዘው ስለ ይቅርታ ንግግር ያስባሉ፤ ለኪዳን እንዴት እንደሚጎነበስ ልምምድ አልተደረገም። መቶ አለቃዋ ስልኳን ዘጋች።

"አድሚራሉ ምስጋናቸውን አቅርበዋል" አለች። "ለወኪላቸው በተለይ።"

"ምስጋና?" አሉ ከንቲባው።

"አዎን። የመርከቧ ካፒቴን ያ መቆሚያ ከተነገራቸው ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራቸውም። ውሃው ለመርከቧ ጥልቀት የለውም፤ ነፋስ ከተነሣም መሬት ላይ ሊያስቀምጣት ይችላል። ከመጀመሪያውም ከጫፉ ውጭ መቆም ነበር የፈለጉት።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩንም?"

መቶ አለቃዋ ትንሽ አፈረች። "ቦታውን የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ። የአስተናጋጅን ምርጫ እምቢ ማለት ነውር ነው ብለን ነው። ስለ ባህላችሁ ኮርስ ተሰጥቶን ነበር።"

"እኛ ደግሞ" አሉ ከንቲባው ቀስ ብለው፣ "ትልቅ እንግዳ መሐል ካልቆመ ቅር ይለዋል ብለን ነው።"

ማዕበል ቢነሣ፣ ጠላት ቢመጣ፣ ሰማይ ቢደፋ አብረን እንቆማለን ሲባባሉ የከረሙ ሁለት ወገኖች፣ ውሃው ስንት ክንድ ነው ብለው መጠያየቅ ተፋፍረው ነበር።

በማግስቱ የወጣው ጋዜጣ "ኪዳኑ ለኖሪ አብቃዮች ቃሉን ሰጠ" አለ። ከንቲባው ሐሳቡ ከመጀመሪያውም የሳቸው እንደነበር ተናገሩ፤ ተናግረውም አመኑት። የማኅበሩ ጀልባዎች ጎሕ ሲቀድ አልወጡም። በሦስተኛው ቀን ፍሪጌቷ መጥታ ከድንጋያማው ጫፍ ውጭ ቆመች፤ ከወደቡ የሚታየው የምሰሶዋ ጫፍ ብቻ ነበር። እውነተኛው አድሚራል በትንሽ ጀልባ ወደ ወደቡ መጡ። ድንቡሽ ያሉ፣ የያሱሂኮን ትከሻ የማይደርሱ ሰው ነበሩ። ለረጅም ሰው የሠለጠኑት ከንቲባ እጃቸውን በአየር ላይ ዘርግተው ለጥቂት ጊዜ ፈለጓቸው። ፎቶግራፉ ላይ ከንቲባው፣ አድሚራሉና ከኋላቸው የሺዮሚ መረብ ወጥተዋል።

ወይዘሮ ኦኖዴራ ያሱሂኮን አልተቆጡትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዲያውም ትሑት ሆኑለት፤ ባገኙት ቁጥር ስለ ናገጂማ ያወሩታል። አየሯን፣ ጸጥታዋን፣ የአሳማዎቿን ጨዋነት። ሚያዝያ ላይ እንደሚሄድ ሳይነገረው ገባው።

ይህ በገባው ቀን ማታ ራት ላይ ጉሮሮውን ሳይጠርግ ተናገረ። "አባባ፣ ወደ ናገጂማ ሊያዛውሩኝ ነው።"

ቺዙሩ ቀና አለች። ሽማግሌው ሩዛቸውን አላምጠው ዋጡ።

"በምን ጥፋት?"

"አድሚራሉ በተናገሩት።"

"እ... እሳቸው ተናገሩ፣ አንተ ትሄዳለህ። መቼም ደንቡ እንዲያ ነው" አሉ ሽማግሌው። "ጀልባው በየቀኑ ይመላለሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ መረብ ትይዛለህ። እስካሁን ከሩቅ ነው ያየኸው።"

"እሺ፣ አባባ።"

"ያ አድሚራል ግን ደህና ሰው ነበር።"

"የትኛው?" አለች ቺዙሩ ሳቋን አፍና።

"ረጅሙ ነዋ! አጭሩንማ ምን አውቄው። ቀጥ ብሎ ቆሞ የሚናገር ሰው። አንተም፣" አሉ ወደ ያሱሂኮ ዞር ብለው፣ "አልፎ አልፎ ብትመስለው ምን አለበት?"

የሳኬ ጠርሙሱን አንሥተው እስከ ዛሬ ለማንም ያልቀዱለትን በገዛ እጃቸው ቀዱና ጽዋውን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረጉለት። ያሱሂኮ በሁለት እጁ ሊያነሣው ሲል ቶሎ ብለው፣

"የሱ ነው" አሉት። "ስለሌለ ወክለህ ጠጣለት።"